ለእንዳላማው ያልወረደው ሙሾ

እናቴ ሥራነሽ አልቃሽ ነበረች። በአምበር ዙሪያ ሰው ሲሞት ከቄስ ቀጥሎ የሚላከው ወደ እሷ ነው። ሟቹ ምን ይዘራ እንደነበር፣ በሬዎቹን ምን ብሎ ይጠራ እንደነበር፣ ከማን ተጣልቶ ከማን እንደታረቀ ቤተሰቡን በጆሮ ትጠይቅና እዚያው ቆማ ሙሾውን ታበጀዋለች። ልጅ ሳለሁ ለአንድ ጎረቤታችን ለነበረ ገበሬ እንዲህ ብላ ስታወርድ ሰምቻታለሁ፦

በሬው ከማሳው ዳር ቆሞ ይጠብቃል፣
ጌታው ቀርቶ እንጂ ማረሱንማ ያውቃል።

የሟቹ ሚስት ይህን ስትሰማ መሬት ላይ ተቀመጠች። ወንዶቹም ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ግን አንድ ጊዜ የሰማችውን አትረሳም። ሃያ ዓመት ያለፈውን ለቅሶ ሙሾ ከነአዝማቹ ትነግርሃለች።

ሕመሙ የጀመራት በታችኛው ድዷ ላይ፣ በግራ በኩል፣ ከመንጋጋ ጥርሷ ሥር ነው። መጀመሪያ ጥርሷ የበሰበሰ መስሏት በገበያ ቀን ጥርስ ለሚነቅል ሰው አስነቀለችው። ጥርሱ ወጣ፣ ጉድጓዱ ግን አልገጠመም። ጨው ነሰነሰችበት፣ ነጭ ሽንኩርት አሰረችበት፣ ጸበል ይዛ ዋለችበት። ከሰኔ እስከ ጥቅምት ቁስሉ እንደ ተከፈተ ነበር። ለእኔ አንድም ቀን አልነገረችኝም። እኔ ደብረ ማርቆስ ነው የምኖረው፤ ከባለቤቴ ከሙሉቀን ጋር። እሱ ባጃጅ ይነዳል፣ እኔ ቤቴ ውስጥ ልብስ እሰፋለሁ። በጥቅምት መጨረሻ ልትጠይቀን መጥታ ሁለት ቀን ስታድር፣ በአንድ ጎኗ ብቻ ስታኝክ አየሁ። ጠዋት አልጋዋን ሳነጥፍ ደግሞ ትራሷ ላይ ሳንቲም የሚያህል ደም አገኘሁ። አፏን እንድታሳየኝ ስለምናት እንደ ልጅ እምቢ አለችኝ። በመጨረሻ ሙሉቀን ቁጭ አድርጎ ለምኗት ሐኪም ቤት ወሰድናት።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ሲናገር ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። በመብራት አይቷት ሲያበቃ ጣቶቹን ከአገጭዋ ሥር አግብቶ ብዙ ዳበሰ። ድዱ ተቆርጦ መውጣት አለበት፣ አብረውት ሁለት ጥርሶችም ይነቀላሉ፣ ከሥር ያለው አጥንትም ይፋቃል አለን። ኅዳር አሥራ ስምንት ጠዋት ገባች። ስትወጣ አፏ በፋሻ ተሞልቶ፣ ጉንጭዋ አብጦ፣ ዓይኗ ብቻ እኔን ይፈልግ ነበር።

ሐኪሙ ሁለታችንንም አስቀምጦ ነገረን። ፋሻውን ለአንድ ሰዓት ነክሳ እንድትይዝ። ያን ዕለት እንዳትጉመጠመጥ፣ ምንም ነገር በገለባ እንዳትስብ፣ ምራቋን በኃይል እንዳትተፋ፤ ደም የረጋበት ቦታ ከተነቀለ አጥንቱ ራቁቱን ይቀራልና። በማግስቱ በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጠን፣ ምግብ በቀመሰች ቁጥር አፏ ውስጥ ቀስ አድርጋ እንድታዞረውና ጎንበስ ብላ ራሱ እንዲፈስ እንድትተወው። የቀሩትን ጥርሶቿን በለስላሳ የልጅ ብሩሽ፣ ስፌቱን ሳትነካ። መፋቂያ ጨርሶ አይሆንም። ትኩስ ነገር፣ በርበሬ፣ ጠላ፣ ቆሎ አይሆንም። ስትተኛ ራሷን በትራስ ከፍ ማድረግ። ከሁሉ በላይ ደግሞ አፏን በሰፊው መክፈት፣ መጮህ፣ ድምፅ አውጥቶ መዝፈንም ሆነ ማልቀስ የለም፤ ስፌቱ ይፈታል።

እናቴ የመጨረሻውን ስትሰማ እኔን አየችኝ። ሥራዋን ሐኪሙ አያውቅም።

ከዚያ ሐኪሙ ነርሷን ጠርቶ እናቴን ወደ ውጭ አስወጣትና እኔን አስቀረኝ። ከተቆረጠው ሥጋ ለምርመራ ወደ አዲስ አበባ እንደሚልክ ነገረኝ። መልኩን እንዳልወደደው፣ ከአገጭዋ ሥር ያለው እብጠትም እንዳሳሰበው ነገረኝ። ክፉው ሕመም ሳይሆን አይቀርም አለ። ውጤቱ በሦስት ሳምንት ይመጣል፣ እስከዚያ ለእሷ መንገሩን ለእርስዎ ትቼዋለሁ አለኝ።

ታዲያ ያ ሁሉ ጥንቃቄ ምን ሊያደርግ ነው ብዬ ጠየቅሁት። ቁስሉ ካልዳነ ከዚያ በኋላ የሚደረግ ሕክምና ሁሉ አይቻልም፤ አፏን ንጹሕ አድርገው ይጠብቁላት አለኝ።

ኮሪደሩ ላይ እናቴ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን ጉንጭዋ ላይ ይዛ ጠበቀችኝ። ምን አለሽ በሚል ዓይን አየችኝ። እኔም፣ ‹‹አለቀ፣ እማ። ከነሥሩ ነቅሎ ጥሎታል። አሁን ቁስሉ እስኪደርቅ መጠንቀቅ ብቻ ነው›› አልኳት።

እኔ ቤት አስተኛኋት። በመጀመሪያው ቀን በረዶ በጨርቅ ጠቅልዬ ጉንጭዋ ላይ ያዝኩላት። በሁለተኛው ቀን ጨው ውሃውን አሞቅኩ። መጉመጥመጡ አላስቸገራትም፤ ያስቸገራት አለመትፋቱ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ተጉመጥምጣ እንትፍ ስትል የኖረች ሴት፣ ሳፋ ላይ ጎንበስ ብላ ውሃው ከከንፈሯ በራሱ ጊዜ እስኪንጠባጠብ ስትጠብቅ ማየት ያሳዝናል። የእናቴን አፍ ውስጡን ያየሁት ያኔ ነው። ጥርሶቿ በወይራ መፋቂያ ብዛት ከድዳቸው አጠገብ ተበልተው ነበር። ቀሪው ድዷ ጠቆር ያለ ነው። ስፌቱ ጥቁር ክር ነው፣ አምስት ቋጠሮ። በየጠዋቱና በየማታው ፋሻ በጨው ውሃ ነክሬ ከስፌቱ ዙሪያ የተጣበቀውን እጠርግላታለሁ፤ እሷ ዓይኗን ጨፍና ጣቶቿን ጉልበቷ ላይ ትቆጥራለች። ሐኪሙ የሰጠውን መድኃኒት ተጉመጥምጣ ግማሽ ሰዓት ምንም እንዳትቀምስ ተብላ ነበር፤ ሰዓት ስለማታነብ የቤታችንን የግድግዳ ሰዓት ረጅሙን ዘንግ ማየት አስተማርኳት።

የገና ጾም ገብቶ ነበር። ሐኪሙ ወተትና እንቁላል ይስጧት ብሎ ነበር፤ እሷ አሻፈረኝ አለች። ንስሐ አባቷ አባ ዘማርያም ድረስ ደወልኩ። አባም በስልክ ለሕመምተኛ ይፈቀዳል፣ እኔ ፈትቼሻለሁ አሏት። አመስግና ስልኩን መለሰችልኝ፤ ወተቱን ግን አልነካችውም። ስለዚህ የአጃ አጥሚት፣ የተፈጨ ድንች፣ የምስር ውሃ እያቀዘቀዝኩ አበላታለሁ። የሐኪሙን ትእዛዝ አንድ በአንድ በቃሏ ይዛዋለች። እኔ ስረሳ እሷ በምልክት ታስታውሰኛለች። ሙሉቀን አንድ ቀን፣ እንዲህ ያለ ታዛዥ ሕመምተኛ አይቼ አላውቅም አለ። ትታዘዝ የነበረው ትድናለች ስላልኳት ነው።

በስድስተኛው ቀን ጠዋት እናቴ ሳፋው ላይ ጎንበስ ብላ ሳለ ስልክ ተደወለ። የአጎቴ የእንዳላማው ጎረቤት ነው። እንዳላማው የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። እናታቸው የሞተችው እሱ ገና ሳይራመድ ነው፤ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። እኔ ስወለድ እሱ ጎረምሳ ነበር፤ በእናቴ አፍ ግን እስከ መጨረሻው ‹‹ልጁ›› እንደተባለ ቀረ። ያን ዕለት በማለዳ ለአዲስ ቤት ማገር ባሕር ዛፍ ሊቆርጥ ወጥቶ ዛፉ በራሱ ላይ ወደቀበት። ከሥሩ ሲያወጡት አልቆ ነበር።

እኛ ዘንድ መርዶ የሚነገረው ሽማግሌዎች ተሰብስበው ነው። እኔ ግን ብቻዬን ነበርኩ፤ ሙሉቀን ሥራ ላይ ነው፤ ቀብሩ ደግሞ ያን ዕለት በዘጠኝ ሰዓት ነው። ውሃው ከአፏ ፈስሶ እስኪያልቅ ቆሜ ጠበቅሁ። አፏን ጠረገች። ቀና አለች። ፊቴን ስታይ ያወቀች ይመስለኛል።

‹‹እማ፣ እንዳላማው አርፏል›› አልኳት።

አልጮኸችም። በሁለት እጇ መንጋጋዋን ግጥም አድርጋ ያዘች። ከአፍንጫዋ አንድ ድምፅ ወጣ፤ ከበር ውጭ ያለ ሰው የማይሰማው። ከዚያ ተነሥታ ነጠላዋን ለሐዘን ለበሰች።

ለሐኪሙ ደወልኩ። ትሂድ፣ መከልከል አይቻልም አለኝ፤ ነገር ግን አትጩህ፣ አፏን አትክፈት፣ ስፌቱ ከተፈታ አቧራና ቆሻሻ ገብቶ አጥንቱ ያመረቅዛል አለ። የጨው ውሃ በፔርሙዝ ሞላሁ፣ ንጹሕ ፋሻ በላስቲክ ጠቀለልኩ፣ አገጭዋን ከነጉንጭዋ በነጭ ሻሽ ጠምጥሜ አሰርኩላት። በሙሉቀን ባጃጅ መናኸሪያ፣ ከዚያ በሚኒባስ አምበር፣ ከአምበር በእግር።

ስንደርስ ግቢው ሞልቷል። ሴቶቹ እናቴን ሲያዩ ገለል ብለው መንገድ ሰጧት። ሁሉም የጠበቀው እሷን ነው። የሌላውን ሁሉ ሬሳ ስትሸኝ የኖረች አልቃሽ የገዛ ወንድሟን እንዴት አድርጋ ታወርድለት ይሆን ብሎ ያልጓጓ አልነበረም። እሷ ግን መሐል ገብታ መሬት ላይ ተቀመጠች። ጠበቁ። ዝም አለች። የታመመች መሆኗን እኔ ለአንድ ሁለቱ ነገርኳቸው፤ ነገሩ ግን ከሰው ሰው ሲያልፍ ጥርሷን ተነቅላ ነው ወደሚል ወረደ። ለጥርስ ተብሎ ለወንድም አይለቀስም እንዴ ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ። በመጨረሻ ሽታዬ የምትባል፣ እናቴ ራሷ ያለማመደቻት ሴት ተነሥታ ጀመረች። ሽታዬ ድምፅ አላት፤ ግን የራሷን አታበጅም፣ የለመደችውን ሙሾ ለማንም ታወርደዋለች። ለእንዳላማውም እንደዚያው አደረገችለት። ለሽማግሌ የሚባለውን ሁሉ ለእሱ አለችለት። እናቴ ራሷን ትነቀንቅ ነበር፤ ሰው በሐዘን መሰለው። እኔ ግን አውቃለሁ፤ እንደዚያ አይደለም እያለች ነበር።

በመሐል እህል የቀመሰች ባይሆንም የመጉመጥመጫዋ ሰዓት ደረሰ። ከቤቱ ጀርባ ወሰድኳት። ጎንበስ ብላ ውሃው ሲንጠባጠብ ሁለት ሴቶች አይተውን አለፉ። ስንመለስ በለቅሶ መሐል አፏን ትታጠባለች የሚል ወሬ ቀድሞን ደርሷል።

አስከሬኑ ሲነሣ እናቴ ብድግ አለች። ሁለት እጇን ወደ ሻሹ አነሣች፤ ልትፈታው ነው። ሴቶቹ አዩዋት፤ ሽታዬም አየቻትና ዝም አለች። እኔ ከኋላዋ ነበርኩ። ሁለቱንም እጆቿን ያዝኩ። አፌን ጆሮዋ ላይ አድርጌ፣ ‹‹እማ፣ ስፌቱ ይፈታል፣ ተይ። ድነሽ ለአርባው ታወርጅለታለሽ›› አልኳት።

ዞራ አየችኝ። ዓይኗ ውስጥ የነበረውን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። አምናኝ ነበር። እጇን አወረደች፣ ተመልሳ ተቀመጠች። አስከሬኑ ወጣ።

ከቀብር መልስ የእንዳላማው ሚስት ጥሩብርሃን መጥታ ፊት ለፊቷ ቆመች። ጥሩብርሃን እናቴን እንደ አማቷ የምታይ፣ ዕድሜዋን ሁሉ ‹‹እርስዎ›› ስትላት የኖረች ሴት ናት። ያን ዕለት ግን፣ ‹‹ለባዳ ሁሉ የተከፈተ አፍሽ ለወንድምሽ ሲሆን ተዘጋ?›› አለቻት። ሰው ሁሉ ሰማ። እናቴ መሬት መሬቱን አየች። እኔ ልናገር ስል በእጇ ልብሴን ጎተተችኝ።

በአሥረኛው ቀን ስፌቱ ወጣ። ሐኪሙ መብራቱን አብርቶ አይቶ፣ እንዲህ ንጹሕ ሆኖ የዳነ ቁስል ብዙ አላየሁም አለን። ድዱ ገጥሟል፣ ሮዝ መስሏል፣ ሽታ የለውም። እናቴ በዚያ ቀን ከእንዳላማው ሞት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ታኅሣሥን ሙሉ፣ ጠዋት ውርጩ ሲቀልጥ በርጩማዋን አውጥታ ፀሐይ ላይ ትቀመጥና ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ለአርባው እያዘጋጀች ነው። አንድ ቀን ስፌት ማሽኔን አቁሜ አጠገቧ ተቀመጥኩ። እንዳይሰማ አድርጋ፣ አፏን እምብዛም ሳትከፍት፣ አንዱን አሰማችኝ፦

ለቤት ማገር ብሎ ዛፍ ሊቆርጥ ቢወጣ፣
ማገሩ መጣና ምሰሶው ታጣ።

እንዲህ ያሉ ከሃያ በላይ አበጅታለች። ጥሩብርሃን ይህን ስትሰማ ትተወዋለች አለችኝ፤ የዚያን ቀኑን ነገር ማለቷ ነው። እኔ ተነሥቼ ወደ ጓዳ ገባሁ።

ሦስቱ ሳምንት አለፈ፣ አምስት ሆነ። ውጤቱ የመጣው የገና ሰሞን ነው። ሐኪሙ ለእኔ ደውሎ እንድመጣ ነገረኝ። ብቻዬን ልሄድ ስል እናቴ ልብሷን ለብሳ ቆማ አገኘኋት። አፉ የእኔ ነው አለችኝ። ደግሞም አንድ የምትጠይቀው ነገር ነበራት፤ ከሰሞኑ ስታዛጋ አፏ እንደ ድሮው አልከፈት ብሏታል፣ ለአርባው ደግሞ አሥር ቀን ነው የቀረው።

ሐኪሙ ወረቀቱን ይዞ እኔን እኔን ያያል። እናቴ ወንበሩን ስባ ተቀመጠችና ንገረኝ አለችው። ነገራት። ክፉው ነው፤ አጥንት ውስጥ ገብቷል፤ የአንገቷ እብጠትም ከዚያው ነው። አዲስ አበባ ሄዳ ግማሽ መንጋጋዋ መነሣት፣ ከዚያም በጨረር መታከም አለባት፤ ወረፋው ወራት ይፈጃል። ቢደረግም ተስፋው ብዙ አይደለም አለ። አፏ አልከፈት ያለውም የሕመሙ ሥር ወደ ኋላ ሄዶ ጅማቱን ስለያዘው ነው። ሰውየው ሐሰት መናገር አልቻለበትም። እናቴ ረጋ ብላ አዳመጠችውና፣ ይህ ነገር መቼ ታወቀ ብላ ጠየቀችው።

‹‹እርግጠኛ የሆንነው ዛሬ ነው፣ እናቴ። ጥርጣሬውንማ በመጀመሪያው ቀን ለልጅዎ ነግሬያት ነበር›› አላት።

እኔ የነገርኳት መስሎት ነው፤ አልፈርድበትም።

በሙሉቀን ባጃጅ ተመለስን። እሱ በመስታወቱ ያየናል። ቤት ገብተን በሩን ስዘጋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

‹‹የእንዳላማው ቀብር ዕለት ታውቂ ነበር?››

‹‹አዎ፣ እማ።››

‹‹እያወቅሽ ነው እጄን የያዝሽው?››

ሐኪሙ ያለኝን ነገርኳት። ቁስሉ ካልዳነ ሌላው ሕክምና አይቻልም ማለቱን። ጥርጣሬ ብቻ እንደነበር። ልትድኚ ትችያለሽ ብዬ መሆኑን። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

‹‹ብትነግሪኝ ኖሮ ከአፌ ወንድሜን እመርጥ ነበር›› አለች። ከዚያ ጋደም ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ገናን እንደዚያ ሆና ዋለች።

ለአርባው ሄድን። ጥር በገባ በአራተኛው ቀን ነው። ከዚያ በፊት ባሉት ቀናት ሐኪሙ ባሳያት መሠረት የእንጨት ማንኪያ እጀታ በጥርሶቿ መሐል እያስገባች አፏን ለመክፈት ትታገል ነበር። ዕንባዋ ይወርዳል፣ አትተወውም። ሁለት ጣት ይገባበት የነበረው አፍ አንድ ጣት ብቻ የሚያስገባ ሆነ። ስለ ሕመሙ ለማንም እንዳልናገር ከልክላኛለች፤ በአንድ ሰው ቀን ሌላ ወሬ አይነሣም አለችኝ።

ጸሎተ ፍትሐቱ አልቆ ሰው ከበላ በኋላ ሴቶቹ ከግቢው በስተቀኝ ተሰበሰቡ። እናቴ ሳትጠራ ተነሣች። ሻሽ የለም፣ ፋሻ የለም። መሐል ቆማ ደረቷን ነክታ ጀመረች።

ድምፁ ወጣ። ግን የእሷ አልነበረም። ከአፍንጫ የሚመጣ፣ ቃሉ የማይለይ ድምፅ ነው። ጥርሶቹ በሌሉበት በኩል አየር ያመልጣታል፤ ምሰሶ ስትል ምን እንዳለች አልታወቀም፤ ታጣ የሚለው ጨርሶ ጠፋ። በቃሌ ስለማውቀው ለእኔ ብቻ ገባኝ። ሴቶቹ ተቀብለው ሊመልሱላት ጠበቁ፤ የሚመልሱት ቃል አጡ። አንዷ አጎነበሰች። ሌላዋ ነጠላዋን አስተካከለች። ሁለተኛውን ጀመረች፣ መሐል ላይ ምራቋ በአገጭዋ ወረደ። በመዳፏ ጠርጋው ለሦስተኛ ጊዜ ሞከረች። ጥሩብርሃን ፊት ለፊቷ ተቀምጣ ታያት ነበር፤ ፊቷ ላይ ያየሁት ቁጣ አልነበረም፣ ይቅርታም አልነበረም፤ አፍራ ነበር፣ ለእናቴ አፍራላት። ያኔ ሽታዬ ልታድናት ብላ የታወቀውን ሙሾ ከፍ አድርጋ ጀመረች፤ ሴቶቹም እፎይ ብለው ተቀበሏት። እናቴ ጥቂት ቆማ አፏን ዘጋችና ወደ እኔ ሳይሆን ወደ አጥሩ ሄዳ ተቀመጠች።

የቀሩት ሙሾዎች የት እንደደረሱ አላውቅም። አንድ ቀን በስልኬ እንድቀዳቸው ለመንኳት። ለማን ብላ ጠየቀችኝ።

አዲስ አበባ አልሄድም አለች። አባ ዘማርያም መጥተው መከሯት፣ ሙሉቀን ለመናት። እኔ አልለመንኳትም፤ ከእኔ የሚወጣ ቃል ለእሷ ቃል እንዳልሆነ ስለማውቅ ነው። የቀጠሮው ቀን በሚያዝያ ደርሶ አለፈ። ወደ ቤቴ ውሰዱኝ ስላለች አምበር ወሰድናት፤ እኔም ስፌት ማሽኔን ትቼ አብሬያት መጣሁ። ባለቤቴ በየሳምንቱ እሑድ ይመጣል። የሐኪሙን የሕመም ማስታገሻ እሱ ነው የሚያመጣው።

እንዲያ ገጥሞ የነበረው ድድ በመጋቢት መጨረሻ እንደገና ተከፈተ። አሁን ሽታ አለው። ቀኝ ጎኗን ይዛ የምትውጠው ውሃና ቀጭን አጥሚት ብቻ ነው። በቀን አምስት ጊዜ አፏን አጥባታለሁ፤ ጨው ውሃ፣ ፋሻ፣ የቀሩትን ጥርሶች በብሩሽ። ሐኪሙ በስልክ ይህን አታቋርጡ፣ አያድናትም፣ ግን ሕመሙንና ሽታውን ይቀንስላታል ብሎኛል። እናቴ ትፈቅድልኛለች። ዓይኗን ጨፍና፣ የሚከፈተውን ያህል ትከፍትልኛለች። የምትናገረው ‹‹በቃ›› ወይም ‹‹ውሃው ቀዝቅዟል›› ብቻ ነው። ድሮ ስታወራኝ ‹‹ሔዋንዬ›› ትለኝ ነበር። አሁን በስሜ አትጠራኝም።

ባለፈው ማክሰኞ ከወንዙ ማዶ ሰው ሞቶ ለቅሶው እኛ ድረስ ይሰማ ነበር። የሽታዬ ድምፅ ነው። እናቴን ደግፌ አስቀምጬ ፋሻውን እየነከርኩ ነበር። ራሷን ወደ በሩ አዘንብላ ብዙ አዳመጠች። ማን ሞቶ እንደሆነ ሰምቼ ልንገራት ብዬ አሰብኩ፤ ትፈልገው አትፈልገው አላወቅሁም። ልጠይቃት ስል አፏን ከፈተችልኝ። ማጠቡን ቀጠልኩ።